ጋስኬቱ ብቻውን አልነበረም፤ የሮቨር ኬ-ሲሪስ ሞተር እንዴት ተስተካከለ?

የእንግሊዙ መኪና አምራች የሮቨር ኬ-ሲሪስ ሞተር ስሙ ሲነሳ መኪና የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይላል። «ጋስኬት ያቃጥላል።» እውነት ነው፣ ያቃጥላል። ጋስኬቱ በብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ዋና አካል) እና በላዩ በሚቀመጠው ቴስታታ መሐል ገብቶ እሳት፣ ውሃና ዘይት እንዳያመልጡና እንዳይቀላቀሉ የሚያሽግ ስስ ሉህ ነው። በተለይ 1.8 ሊትሩ በዚህ ስሙ ክፉኛ ጠፍቷል። ግን ታሪኩ እዚህ ላይ ካበቃ ዋናው ነገር ያመልጠናል። ጋስኬቱ ላይ የታየው ብልሽት ከአራት አምስት ቦታ የመጣ ነው። ከላይም ከታችም ትንሽ ትንሽ ሸክም ተጨመረበት። ከሁሉም ደካማው እሱ ስለነበር ቀድሞ እጅ ሰጠ።

ጉዳዩን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ብልህ የሆነ ንድፍ ነበር፤ ከአቅሙ በላይ ተለጠጠ፤ ታመመ፤ ከዚያ በተለያዩ ሰዎች እጅ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። የመጀመሪያው ፋብሪካ ተዘግቶ እንኳን ሞተሩ ሌላ አገር ሄዶ መሠራቱን ቀጠለ። እያንዳንዱ ጥገና የትኛውን ችግር እንደነካና የትኛውን ሳይነካ እንዳለፈ መከተል ይቻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሲጀመር ምን ነበር?

ከኬ-ሲሪስ በፊት የዚህ ኩባንያ ትንንሽ መኪኖች በአብዛኛው የሚሄዱት በኤ-ሲሪስ ሞተር ነበር። እሱ የ1951 ሞተር ነው። ብሎኩም ቴስታታውም ጊዛ (የፈሰሰ ብረት)፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ማለትም ካምሻፍቱ ታች ብሎኩ ውስጥ። ጠንካራ ነበር፣ ነገር ግን ከባድና ዘመን ያለፈበት። የጭስ ሕጉ እየጠበቀ፣ ነዳጅ ቆጣቢነት እየተፈለገ ሲመጣ አዲስ ሞተር መሥራት ግድ ሆነ።

ኬ-ሲሪስ በ1989 ከሮቨር 200 ጋር ወጣ። መጀመሪያ 1.4 ሊትር፣ 16 ቫልቭ ነበር። በ1990 ደግሞ ሜትሮ በተባለችው ትንሽ መኪና ላይ 1.1 ሊትሩ ተከተለ። የሚሠራው በርሚንግሃም ውስጥ በነበረው የሎንግብሪጅ ፋብሪካ ነበር። ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ሆነ። ለጊዜው በጣም ቀላል ሞተር ነበር፤ ቶሎ ይሞቃል፣ በደስታ ይሽከረከራል፣ ነዳጅ አያባክንም።

አሠራሩ ያልተለመደ ነው። ቁራጮቹ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ሳንድዊች ይደረደራሉ። ከላይ የካምሻፍቶቹ ማቀፊያ አለ። ከሥሩ ቴስታታው፣ ከዚያ ብሎኩ። ከብሎኩ ሥር ኮሎውን፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዘንግ፣ የሚይዘው የብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) መደገፊያ ይመጣል፤ ቅርጹ የመሰላል ስለሆነ መሰላል ይሉታል። ከእሱ ሥር የዘይት ሬይል የሚባለው ብረት አለ። አሥር ረጃጅም ብሎኖች ከቴስታታው ገብተው ብሎኩን ከላይ እስከ ታች ያልፋሉ። መሰላሉንም አልፈው መጨረሻ ላይ ሬይሉ ላይ ጥርስ ይይዛሉ። አሥሩ ብሎኖች ሲጠብቁ ሞተሩ ከራስ እስከ እግሩ ይጨመቃል።

ይህ ለምን ጥሩ ሐሳብ ሆነ? አሉሚኒየም ጭመቃን በደንብ ይችላል፣ በተደጋጋሚ ሲጎተት ግን ይደክማል። በተለመደው ሞተር ላይ የቴስታታው ብሎኖች አጫጭር ናቸው፤ ጥርሳቸው ብሎኩ አናት ላይ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ በተቀጣጠለ ቁጥር ግፊቱ ቴስታታውን ወደ ላይ፣ ኮሎውን ወደ ታች ይገፋል። መሐል ላይ የሚጎተተው ብሎኩ ነው። በኬ-ሲሪስ ግን ጉተታውን የሚሸከሙት የብረት ብሎኖቹ ናቸው። ብሎኩ ሁልጊዜ እንደተጨመቀ ይኖራል። ስለዚህ ግድግዳውን አሳስቶ መሥራት ይቻላል። ክብደቱ የወረደው በዚህ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ረጅም ብሎን እንደ ሞላ ይለጠጣል። ሞተሩ ሲሞቅ አሉሚኒየሙ ከብሎኑ ብረት የበለጠ ያድጋል። ብሎኑ አጭርና ግትር ቢሆን ኃይሉ በአንዴ ይንራል፤ ረጅም ሲሆን ግን ትንሽ እየሰጠ ይሄዳል። አጠባበቁም ይህንኑ ያከብራል። መጀመሪያ በ20 ኒውተን ሜትር ይያዛል። ከዚያ ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካው መፍቻ) ወደ ጎን ይቀመጥና በቅደም ተከተል እያንዳንዱ ብሎን 180 ዲግሪ ይዞራል። ከዚያ እንደገና 180 ዲግሪ። ሙሉ አንድ ዙር ማለት ነው። በኃይል ልኬት ብቻ ቢጠብቅ የጥርሱ ሰበቃ ልኬቱን ያዛባው ነበር። በዲግሪ ሲሆን ግን አሥሩም ብሎኖች እኩል ይለጠጣሉ።

አንድ ነገር ላስታውስ፤ ይህን ሞተር ለሚፈታ ሰው ወሳኝ ነው። ላይነሮቹ፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚመላለሱባቸው ቀጫጭን የጊዛ ቱቦዎች፣ ብሎኩ ላይ አብረው የተፈሰሱ አይደሉም። ገብተው የተቀመጡ ናቸው። ከላይ የሚይዛቸው የቴስታታው ጭመቃ ነው። ቴስታታው ተነስቶ ሳለ ኮሎውን ያዞረ ሰው ፒስቶኖቹ ላይነሮቹን ይዘው ወደ ላይ ይነሱበታል። ሥራቸው ላይ ያለው ማሸጊያ ይላቀቃል፤ ውሃ ወደ ዘይት የሚወርድበት መንገድ ይከፈታል። ስለዚህ ቴስታታው እንደተነሳ ላይነሮቹን በማሰሪያ መያዝ የግድ ነው።

ከ1.4 ወደ 1.8

የመጀመሪያው 1.4 ሊትር 1396 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 79። ያን ያህል መጥፎ ስም አልነበረውም። ቀጥሎ ግን ኩባንያው ትልቅ ሞተር ፈለገ። ሌላ አዲስ ሞተር ከመሥራት ይልቅ ያለውን ማስፋት ተመረጠ። የሲሊንደሩ ስፋት ወደ 80 ሚሊሜትር አደገ። በዚያ ላይ ምልልሱ 79 ሲሆን 1.6 ሊትር፣ 89.3 ሲሆን 1796 ሲሲ ያለው 1.8 ሆነ። 1.8ቱ በ1995 ኤምጂ ኤፍ ከተባለው ትንሽ የስፖርት መኪና ጋር ወጣ።

የውጪው መጠን ብዙም አልተለወጠም። ሲሊንደሮቹ ሲሰፉ ቦታው ከየት መጣ? ከብሎኩ ውስጥ ነው የተወሰደው። ቀድሞ ላይነሩን ከአናቱ ዙሪያ ደግፎ የሚይዘው የብሎኩ አካል ተነሳ። አዲሱ ላይነር የሚቀመጠው ብሎኩ መሐል ላይ በተቀረጸች ጠርዝ ላይ ነው። ከጠርዟ በታች ያለው ክፍል አሉሚኒየሙ ውስጥ ይገባል። ከጠርዟ በላይ ያለው ዙሪያውን ውሃ ብቻ ነው የሚነካው።

እኔ የዚህን ሞተር ዕጣ የወሰነው ይህ ለውጥ ነው ባይ ነኝ። በራሱ ስህተት አይደለም፤ ሌሎችም እንዲህ ይሠራሉ። ነገር ግን ጋስኬቱ፣ ብሎኖቹና የውሃ ዝውውሩ ሲታሰቡ የነበረው ሞተር ትንሽና አናቱ የተደገፈ ነበር። አሁን መጠኑ ከሩብ በላይ አደገ። ኃይሉም ከፍ አለ፤ ተራው 1.8 ወደ 120 የፈረስ ጉልበት፣ ቫልቭ አከፋፈቱ የሚለዋወጠው ደግሞ 145 ይሰጣል። ሳንድዊቹ ግን ያው ነው።

የገባባቸው መኪኖችም አልራሩለትም። ኤምጂ ኤፍ ሞተሩ ከወንበሩ ኋላ፣ ራዲያተሩ ፊት ነው። ውሃው በረጃጅም ቱቦዎች መኪናውን ዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ አየር ከገባበት ማስወጣቱ አድካሚ ነው። የላንድ ሮቨሩ ፍሪላንደር በ1997 ሲወጣ ይኸው 1.8 ከባድና በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና እንዲጎትት ተደረገ። በ1996 የወጣው ቀላሉ የስፖርት መኪና ሎተስ ኤሊስ ግን ተመችቶታል።

ችግሩ እንዴት ይጀምራል?

ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚያየው ምንም የለም። የማቀዝቀዣው ውሃ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። ይሞላል፣ ይረሳል። ከዚያ አንድ ቀን የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ከሥሩ ቡናማ ነጭ ዝልግልግ ነገር ተለጥፎ ይገኛል። ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል ማለት ነው። አለበለዚያ ውሃው ወደ ውጪ በብሎኩ ጎን ይንጠባጠባል። ወይም ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ በጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል።

አሁን ለምን የሚለውን እንየው። መልሱ ብዙ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

ጋስኬቱን እናስቀድም። የመጀመሪያው ጋስኬት አንድ ቀጭን የብረት ሉህ ነው። በውሃና በዘይት ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጎማ መሰል መስመር ተለጥፎበታል። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ደግሞ እሳቱን የሚያግድ ቀለበት አለ። ቴስታታውና ብሎኩ ሳይንቀሳቀሱ ከቆዩ ጥሩ ያሽጋል። እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ከሆነ ግን ጎማው ይፋቃል። ቆይቶም ከሉሁ ይላቀቃል።

ታዲያ ይንሸራተታሉ ወይ? ትንሽ ስሌት እንሥራ። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ 23 ሚሊዮንኛ ያህል ያድጋል። 400 ሚሊሜትር የሚረዝም አሉሚኒየም እንውሰድ። ቴስታታው ከብሎኩ በ40 ዲግሪ ቢበልጥ በርዝመት 0.37 ሚሊሜትር ይበልጠዋል። ለጋስኬት ይህ ብዙ ነው። ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይህ መሳሳብ ይደጋገማል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ሞተሩ ምን ያህል ሞቀ የሚለው ብቻ አይደለም። ሁለቱ ቁራጮች በሙቀት ምን ያህል ተለያዩ የሚለው ነው።

ይህ ወደ ቴርሞስታቱ ይወስደናል፤ እንደ ሙቀቱ ለውሃው የራዲያተሩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ኬ-ሲሪስ የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው፤ ቶሎ እንዲሞቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቴርሞስታቱ የተቀመጠው ውሃው ከራዲያተሩ ወደ ፓምፑ በሚመለስበት በኩል ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይከፈታል። ያኔ ራዲያተሩ ውስጥ የቆየው ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ወደ ሞተሩ ይገባል። ቴርሞስታቱ ቅዝቃዜውን ሲያይ መልሶ ይዘጋል። ሞተሩ እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይከፈታል። በብርድ ጠዋት ሞተሩ ገና ሳይረጋጋ በኃይል ሲነዳ ይህ መፈራረቅ ይብሳል። የላይኛው አሉሚኒየም እሳት አጠገብ ነው፣ የታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ እየተረጨበት ነው። ያ የ40 ዲግሪ ምሳሌ ከዚህ አይርቅም።

ቀጥሎ የማስያዣ ፒኖቹ አሉ። ቴስታታው ብሎኩ ላይ በትክክል እንዲቀመጥ የሚያደርጉ ሁለት ትንንሽ ፒኖች ናቸው። መጀመሪያ የተሠሩት ከፕላስቲክ ነበር። ለገጣጣሚው በቂ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ግን ቴስታታውን ወደ ጎን ከመሄድ አይገቱም። በርግጥ ቴስታታውን በዋናነት የሚይዘው የብሎኖቹ ጭመቃ ነው። ያም ሆኖ እዚህ ቦታ ላይ ፕላስቲክ መጠቀም የማይገባ ቁጠባ ነበር።

በጣም የሚገርመኝ ግን የላይነሮቹ ነገር ነው። የላይነሩ አናት ከብሎኩ ገጽ በጥቂቱ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከፍታው ቢበዛ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። ቴስታታው ሲወርድ መጀመሪያ የላይነሮቹን አናት ያገኛል። ጭመቃው እዚያ ላይ ይበረታል፣ እሳቱ ይታሸጋል።

አሁን ሙቀቱን እንጨምር። ከመቀመጫው ጠርዝ በላይ ያለው የላይነሩ ቁመት 70 ሚሊሜትር ነው እንበል። ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም በ0.13 ሚሊሜትር ይረዝማል። የጊዛው ላይነር ግን በ0.06 ብቻ። ልዩነቱ 0.07 ነው። ከመነሻው 0.1 ብቻ የነበረ ከፍታ በሙቀት ብቻ አብዛኛው ሊበላ ይችላል። ላይነሩ ከብሎኩ የበለጠ ስለሚሞቅ እውነተኛው ልዩነት ከዚህ ያንሳል። ነገር ግን ምን ያህል ጠባብ ክፍተት ላይ እየተሠራ እንደነበር ያሳያል። ከፋብሪካው ሲወጣ ከፍታው በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ከጎደለ ለዚህ ሁሉ የሚተርፍ የለም።

እዚህ ላይ የአሉሚኒየም ሌላ ባሕርይ ይጨመራል። በሙቀትና በጭመቃ ሥር ብዙ ከቆየ ቀስ ብሎ ይሰጣል። ሞተሩ በሞቀ ቁጥር የብሎኖቹ ጭመቃ ይጨምራል። ላይነሩ የተቀመጠባት ጠባብ ጠርዝ ያንን ትሸከማለች። በተለይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከሞቀ ጠርዟ ትሰምጣለች፤ ላይነሩ አብሮ ይወርዳል። ከላይ ደግሞ የቴስታታው አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያጣና የእሳት ቀለበቶቹ ገጹ ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠሩበታል። በጣት ጥፍር ሲዳሰስ የሚያቆም ጉድጓድ ነው። ከዚያ በኋላ የትኛውም አዲስ ጋስኬት እዚያ ላይ ዕድሜ የለውም።

መጨረሻው የማስጠንቀቂያ አለመኖር ነው። ውሃ የሚያልፍበት የመግቢያ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት ቱቦ) ጋስኬትም ያፈስሳል። የሚጎድለው ትንሽ ነው፤ ግን ጠቅላላው ውሃ ራሱ ትንሽ ነው። ሲጎድል የሚያሳውቅ ሴንሰር የለም። የሙቀት ጌጁ የሚለካው ውሃውን ነው። ሴንሰሩ ያለበት ቦታ ውሃ ሲያጣ የሚያነበው ባዶ እንፋሎት ይሆናል። ጌጁ መሐል ላይ ቆሞ ሞተሩ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው «በድንገት ጋስኬት አቃጠለ» የሚለው ሞተር በድንገት አልነበረም የተበላሸው። መጀመሪያ በማኒፎልዱ በኩል ውሃ አጣ፣ ሳይታወቅ ሞቀ፣ ጋስኬቱ ከዚያ ተከተለ።

ጥገናው በቁራጭ በቁራጭ መጣ

ፋብሪካው በመጀመሪያ የነካው በቀላሉ የሚነካውን ነው። የፕላስቲክ ፒኖቹ በብረት ተተኩ። የማኒፎልዱ ጋስኬት በተሻለ ጎማ ተሠራ። ሁለቱም ርካሽ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ነገር ግን ላይነሩን አልነኩም፣ የሙቀት መፈራረቁንም አላቆሙም።

ቴርሞስታቱ ላይ የተደረገው ለውጥ ይበልጥ ያስደስተኛል፤ ምክንያቱን የነካ ነውና። አዲሱ ቴርሞስታት ከሞተሩ ራቅ ብሎ ቱቦው ላይ ይቀመጣል። በውስጡ በሞላ የተያዘ የግፊት ቫልቭ አለው። ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር የፓምፑ ግፊት ይህንን ቫልቭ ይከፍተዋል። ያኔ ከሞተሩ የወጣ ሙቅ ውሃ ከራዲያተሩ ከመጣው ቀዝቃዛ ጋር እየተቀላቀለ ይመለሳል። ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ መርጨት ቀረ። ሙቀቱ በዝግታ ይወጣል፣ በዝግታ ይወርዳል። ቴስታታውና ብሎኩ የሚለያዩበት ዲግሪ ይቀንሳል። ያ ከላይ የሠራነው ስሌት ከመነሻው አነሰ ማለት ነው።

ከዚያ ዋናው ለውጥ መጣ። የላንድ ሮቨር ሰዎች ፍሪላንደር እያስቸገራቸው ስለነበር ሌላ ዓይነት ጋስኬት ይዘው ወጡ፤ ከብዙ የብረት ንብርብር የተሠራ። ስስ የብረት ሉሆች ይደራረባሉ። እያንዳንዱ ሉህ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ በማተሚያ የወጣ ትንሽ ጉብታ አለው። ጉብታው ሲጨመቅ እንደ ሞላ ይመልሳል። ቁራጮቹ በጥቂቱ ቢንቀሳቀሱ እንኳን ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ እንጂ የሚላቀቅ ጎማ የለም። ከእሱ ጋር በቴስታታው በኩል የሚገባ ስስ የብረት መከላከያ ሉህ ተጨመረ። ሥራው የእሳት ቀለበቱ ጭመቃ በቀጥታ ለስላሳው አሉሚኒየም ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው።

አብሮ የመጣው ሌላው ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። አዲስ፣ የጠነከረ የዘይት ሬይል። ረጃጅሞቹ ብሎኖች የሚታሰሩት እዚያ ነው ብለናል። ሬይሉ ታች ከታጠፈ ላይ ያለው ጭመቃ ይላላል። ጋስኬቱ ላይ ያለውን ችግር ለመፍታት ከኮፓው (ታች ካለው የዘይት መያዣ) አጠገብ ያለ ብረት መቀየር መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ሳንድዊቹን ለተረዳ ሰው ግን ሌላ መንገድ የለም።

እዚህ ላይ የብዙ ጋራዥ ሥራ ይወድቃል። አዲሱ ጋስኬት ከድሮው ይልቅ ገጹ ልሙጥ እንዲሆን ይፈልጋል። ላይነሮቹም በቁመት እኩል እንዲሆኑ አጥብቆ ይጠይቃል። የድሮው ጎማ ትንሽ ልዩነትን ይሸፍን ነበር፤ ብረቱ አይሸፍንም። ላይነራቸው የሰመጠ ሞተሮች ላይ ይህን ጋስኬት ገጥሞ መኪናውን መመለስ ከድሮውም ፈጥኖ ሊያፈስስ ይችላል። ከዚያ ሰዉ «አዲሱም አይረባም» ይላል። ጋስኬቱ ምንም አላጠፋም።

ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሞተሩ ቀጠለ

በዚህ መሐል ኩባንያው ራሱ ባለቤት እየቀያየረ ነበር። በ1994 ቢኤምደብሊው ገዛው። በ2000 ተከፋፈለ፤ ላንድ ሮቨር ወደ ፎርድ ሄደ፣ ሎንግብሪጅ የቀረው ኤምጂ ሮቨር ሆነ። በሚያዝያ 2005 ኤምጂ ሮቨር ሥራ አቆመ።

ሎተስ በበኩሉ ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። በ2004 ኤሊስን በቶዮታ ሞተር ማቅረብ ጀመረ፤ በ2006 ተራው ሞዴልም ወደ ቶዮታ ዞረ። ምክንያቱ አስተማማኝነት ብቻ አልነበረም። አሜሪካ ለመሸጥ የዚያን አገር የጭስ ሕግ የሚያሟላ ሞተር ያስፈልገው ነበር። የሚገርመው በ2004 የገባው የቶዮታው ሞተር መጠንም 1796 ሲሲ መሆኑ ነው፤ ሲሊንደሩ ሰፋ፣ ምልልሱ አጠር ያለ። ያለቀ ሞተር ከሌላ መግዛት ለትንሽ አምራች ፈጣኑ መንገድ ነው። ክብደቱን ግን አጥብቀው የሚያስቡ ሰዎች ኬ-ሲሪስን እስከ ዛሬ ይናፍቃሉ። አልፈርድባቸውም።

የሞተሩን የንድፍ መብት የቻይናው ሳይክ በ2004 ገዝቶ ነበር። ኩባንያው ከወደቀ በኋላ በሐምሌ 2005 ደግሞ ናንጂንግ አውቶሞቢል የፋብሪካውን ንብረት ገዛ። ማሽኖቹ ተፈትተው ወደ ቻይና ተጫኑ። ለጥቂት ጊዜ ሁለት ኩባንያዎች የአንድ ሞተር ዝርያ በየፊናቸው ይሠሩ ነበር። በታኅሣሥ 2007 ሳይክ ናንጂንግን ጠቀለለ።

የናንጂንጉ ሞተር ስም ኤን-ሲሪስ ሆነ። ቅርጹ ሲታይ ያው ኬ-ሲሪስ ነው። ልዩነቱ ባለብዙ ንብርብሩ ጋስኬት ከፋብሪካ ጀምሮ አብሮት መምጣቱ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ማሻሻያው የሚገጠመው አንድ ጊዜ ለሞቀና ለተበላሸ ሞተር ነበር፤ ላይነሩ ወርዶ፣ ቴስታታው ለስልሶ ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ገና ባልተነካ ብሎክ ላይ ይገጠማል። ጥሩ ጋስኬት የሚገባው መነሻ ይህ ነው። በ2008 ሎንግብሪጅ ላይ እንደገና መገጣጠም የጀመረው ኤምጂ ቲኤፍ ኤልኢ500 ይህን ሞተር ይዞ ወጣ። በ2011 እዚያው የተገጣጠመው ኤምጂ 6 ደግሞ ባለ ተርቦ 1.8 ሞተሩ የዚሁ ዝርያ ነው። ከመነሻው 1.4 ሊትር የነበረ ንድፍ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ተርቦ ተሸከመ።

ይህ ሁሉ በ1995 ቢደረግ ኖሮ የሚል ቁጭት አለኝ። ባለብዙ ንብርብር ጋስኬት ያኔም በሌሎች አምራቾች ዘንድ የታወቀ ነገር ነበር። ጠንካራ ሬይል መሥራትም የተለየ ጥበብ አይፈልግም። ያልተደረገው ነገር 1.8ቱን እንደ አዲስ ሞተር ቆጥሮ ከላይ እስከ ታች መፈተሽ ነው። ሲሊንደሩ ሲሰፋ የላይነሩ መደገፊያ ተነሳ። መደገፊያው ሲነሳ የሚጠበቀው እንቅስቃሴ ተለወጠ። እንቅስቃሴው ሲለወጥ ደግሞ ጋስኬቱ፣ ፒኑና የውሃው መንገድ አብረው እንደገና መታየት ነበረባቸው። የተከፈለው ዋጋ በባለቤቶቹ ኪስ ወጣ። የአንድ ጎበዝ ሞተር ስምም አብሮ ሄደ።

ዛሬ በእጁ ላለ ሰው

ይህ ሞተር ያለው ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግን ግድ ነው። ቴስታታው ሲነሳ መጀመሪያ የሚገዛው ጋስኬት መሆን የለበትም። መጀመሪያ ላይነሮቹን አስሮ ከፍታቸውን መለካት ነው። በአራቱም፣ በየዙሪያው፣ በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን የከፍታ ልዩነት በሚያሳይ መለኪያ)። ከገጹ በታች የወረደ ካለ ወይም አንዱ ከጎረቤቱ ጋር ካልተካከለ ያንን ሳያስተካክሉ መቀጠል ገንዘብ መጣል ነው። ቀጥሎ የቴስታታው ጥንካሬ በመለኪያ ይታይ። የለሰለሰ ከሆነ ማስላጥ አይመልሰውም፤ ሌላ ቴስታታ ይፈለጋል። ጉድጓድ ብቻ ከሆነና ብረቱ ጠንካራ ከሆነ ይላጣል።

ከዚያ የትኛው ጋስኬት? ላይነሮቹ በደንብ ቆመው ከተገኙ ባለብዙ ንብርብሩ፣ ከመከላከያ ሉሁና ከጠንካራው ሬይል ጋር። ከፍታቸው አነስ ያለ ከሆነ የተሻሻለው ባለ ጎማ ጋስኬት ይቅር የሚለው ነገር ስለሚበዛ ሊሻል ይችላል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች በዚህ ላይ ይከራከራሉ። እኔ ሚዛኔ የሚያደላው ልኬቱ ወደሚለው ነው። የብረት ፒኖች በሁለቱም ይገባሉ። የማኒፎልዱ ጋስኬት አብሮ ይቀየር፤ ለመድረስ ሌላ ጊዜ መድከም አያስፈልግም። ውሃው ሲሞላ አየሩ በሙሉ እስኪወጣ ይታገሱ፤ ኤምጂ ኤፍ ከሆነ ደግሞ ሁለት እጥፍ ይታገሱ።

አንድ ዕቃ ይጨመር፣ ከሁሉም ርካሹ። በማስፋፊያ ጣሳው ላይ የሚገጠም የውሃ መጠን ማስጠንቀቂያ። ውሃው ሲጎድል መብራት ያበራል ወይም ይጮኻል። የሙቀት ጌጁ ሊያየው የማይችለውን ቀድሞ ያያል።